ለአጋዘን አደን ትሬል ካሜራ፦ አመራረጡ፣ አስተሳሰሩ፣ አጠቃቀሙ

ትሬል ካሜራ ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ነው። አዲስ አደን የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ከወር በኋላ ደግሞ ይደውልና «ኧረ ይሄ ነገር ቅጠልና ስኩዊረል ብቻ ነው የሚያነሳው» ይላል። ሁለቱንም እዚህ ልመልስ። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምልከው።

የምናገረው ቨርጂኒያ ውስጥ ስለሚታደነው ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ነው። ሜሪላንድ፣ ፔንሲልቬኒያ ወይም ሚኒሶታ ላላችሁም እንስሳው ያው ነው፤ ሕጉ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። አጋዘን መኖሩንማ ኮቴውና በጠጡም ይነግራችኋል። ካሜራ የሚታሰረው እንስሳው በብርሃን ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የተነሳ የሚያምር ባለ ትልቅ ቀንድ ፎቶ ለጓደኛ ማሳያ ይሆናል እንጂ ለብቻው ለአደን ብዙም አይረዳም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራ፤ ከተቻለ ሁለት
- ድብል ኤ ሊቲየም ባትሪ (ብዙዎቹ ካሜራዎች 8 ይወስዳሉ፤ ሳጥኑ ላይ እዩ)
- ለእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ኤስዲ ካርድ፣ ክላስ 10
- ከካሜራው ጋር የሚመጣው ማሰሪያ ቀበቶና የሚቆለፍ የብረት ገመድ
- ትንሽ የእጅ መጋዝ ወይም የአትክልት መቀስ
- የላስቲክ ቦት ጫማና ጓንት
- ኮምፓስ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል
- በአደን ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ

1. ሕጉንና ፈቃዱን አጣሩ

ይህን መጀመሪያ ያደረግኩት ካሜራው ከተገዛ በኋላ ሕጉን ማወቅ ስለማይጠቅም ነው። አሪዞና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለአደን ተብሎ ትሬል ካሜራ መጠቀምን ከልክላለች። ካንሳስም በ2023 ስቴቱ በሚያስተዳድራቸው የሕዝብ መሬቶች ላይ ከልክላለች። ሌሎች ስቴቶች ደግሞ ሲም ያለውን (ፎቶውን ወደ ስልክ የሚልከውን) ካሜራ ብቻ ለይተው የሚገድቡበት ጊዜ አለ። የስቴታችሁ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን የአደን ደንብ አንብቡ። ያምናው አይበቃም፤ ይቀየራል።

መሬቱ የግለሰብ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የስልክ መልእክትም ቢሆን። «አደን ይፈቀድልሃል» ማለት «ካሜራ እሰር» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር በቆሎና ጨው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ አጋዘን መመገብ በመላው ስቴት ክልክል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተከለከለባቸው ካውንቲዎችም አሉ። ጨውና ሚኒራል ማስቀመጥም እዚያው ውስጥ ይገባል። ካሜራ ፊት በቆሎ በትኖ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ ቅጣቱ ግን ከካሜራው ይበልጣል።

2. ካሜራውን ምረጡ

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሜጋፒክስል ቁጥር እለፉት። እነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ያለው የምስል ሴንሰር ትንሽ ነው። 30፣ 40 ምናምን የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር የተለጠጠ ነው። ፋይሉ ይተልቃል፣ ካርዱ ቶሎ ይሞላል፣ ቀንዱ ግን አይጠራም። በእሱ ፈንታ ካሜራው ያነሳቸውን የሌሊት ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ቀን ላይ ሁሉም ካሜራ ጎበዝ ነው።

ማየት ያለባችሁ እነዚህን ነው፦

ፎቶ የሚያነሳበት ፍጥነት። ሴንሰሩ እንስሳውን ካየ በኋላ ፎቶው እስኪነሳ ያለው ጊዜ ነው። ከግማሽ ሰከንድ በታች የሆነ ፈልጉ። አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ በመንገድ ላይ የሚያልፍ አጋዘን ጅራቱ ብቻ ይቀርላችኋል።

ለሚቀጥለው ፎቶ የሚዘጋጅበት ጊዜ። ይህን ብዙ ሰው አያየውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ኖቬምበር ላይ ወንዱ ሴቷን እየተከተለ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የምታልፈው እሷ ናት። ካሜራው እሷን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ካረፈ፣ ከኋላ የመጣው ባለ ቀንድ ሳይታይ ያልፋል። እናንተም «እዚህ ሴት ብቻ ነው ያለው» ብላችሁ ቦታውን ትተዋላችሁ።

የሌሊት ፍላሽ። ሦስት ዓይነት አለ። ነጭ ፍላሽ የቀለም ፎቶ ይሰጣል፤ ግን ያበራል፣ እንስሳውንም ሌባውንም ይቀሰቅሳል። 850 ናኖሜትር የሚባለው ኢንፍራሬድ ሩቅ ድረስ ያበራል፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግን ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ይታያል። 940 ናኖሜትር የሆነው አይታይም፤ በዚያ ፈንታ ፎቶው ትንሽ ይጨልማል፣ የሚደርስበትም ርቀት ያጥራል። ሰው የሚመላለስበት መሬት ከሆነ 940ውን፣ የግል እርሻ ከሆነ 850ውን ውሰዱ።

ሲም ያለው ወይስ የሌለው? ሲም ያለው ፎቶውን በቀጥታ ስልካችሁ ላይ ይልካል። ትልቁ ጥቅሙ እየሄዳችሁ ቦታውን አለመረበሻችሁ ነው። ነገር ግን የወር ክፍያ አለው፣ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ኔትወርክም ይፈልጋል። ቦታው ላይ የእናንተ ስልክ መሥራቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ካሜራው የሚጠቀመው የሌላ ኩባንያ መስመር ሊሆን ይችላል። የሁለት ኩባንያ መስመር አነጻጽሮ የተሻለውን የሚይዝ ካሜራ ቢሆን ይመረጣል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። መሬቱ ከቤታችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ከሆነ ሲም ያለውን ግዙ። ቅርብ ከሆነ በአንድ ውድ ካሜራ ዋጋ ሁለት ተራ ካሜራ ግዙ። አንድ ካሜራ የሚያየው አንድ መንገድ ነው። አጋዘኑ በሃያ ሜትር ርቀት በሌላ በኩል ካለፈ የዋጋው ውድነት ምን ይሠራል?

3. ቤት ውስጥ አዘጋጁት

ጫካ ውስጥ ቆሞ ሜኑ መፈለግ ላብና ጠረን መተው ነው። ሁሉንም ቤት ጨርሱ።

ሊቲየም ባትሪ ክተቱ። አልካላይን ባትሪ ይሠራል፤ ግን ሲበርድ ጉልበቱ ይወርዳል። ፍላሹ ብዙ ኃይል የሚፈልገው ደግሞ ሌሊት ነው። ቀን ላይ ደህና ሠርቶ ሌሊት ጥቁር ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ብዙ ጊዜ ችግሩ ባትሪው ነው። አሮጌና አዲስ፣ ወይም ሁለት ዓይነት ባትሪ አትቀላቅሉ፤ ደካማው ጠንካራውን ይስባል፣ ሊፈስም ይችላል።

ካርዱን እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ኮምፒውተር ላይ ወይም በሌላ ካሜራ የተጠቀማችሁበት ካርድ ብዙ ጊዜ «ኤረር» ያመጣል። ትንሿን ማይክሮ ኤስዲ በአዳፕተር መጠቀምም ለብልሽት ይዳርጋል።

ቀንና ሰዓቱን በትክክል ሙሉ። ይህ ከተሳሳተ ፎቶው ሁሉ ዋጋ የለውም። ኤኤምና ፒኤሙን ሁለት ጊዜ እዩ። ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ ተራው ካሜራ በራሱ አይቀይርም፤ እናንተ አስቡለት። (አብራችሁ ለምታድኑት ሰው ሰዓቱን ስትነግሩም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ካሜራው 7፡10 ኤኤም ያለውን «ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚያልፈው» ብትሉት፣ ሰውየው በሐበሻ ሰዓት አስቦ ምሳውን በልቶ ይመጣል።)

አሠራሩን እንዲህ ሙሉ፦ በአንድ ጊዜ 3 ፎቶ፣ በመሃል ያለው ዕረፍት ለመተላለፊያ መንገድ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ፣ ለእርሻ ዳር 5 ደቂቃ። እርሻ ላይ እንስሳው ቆሞ ስለሚበላ ዕረፍቱ ካጠረ የአንዲት አጋዘን መቶ ፎቶ ይኖራችኋል። የሴንሰሩን ንቃት በሙቀቱ ወራት ከፍ አድርጉት። ሴንሰሩ የሚያየው የሙቀት ልዩነትን ነው፤ አየሩ ሲሞቅ በእንስሳው ገላና በአካባቢው መሃል ያለው ልዩነት ይጠባል። ብርዱ ሲመጣ ወደ መካከለኛ መልሱት። ቪዲዮ ባትሪና ካርድ ይበላል፤ ለጊዜው ተዉት።

4. ቦታ ፈልጉ

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ለምን ምንም አያነሳም» የሚለው፣ መልሱ ዘጠና በመቶ እዚህ ነው። አጋዘን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይውልም። ምግቡን ይከተላል፣ በኋላ ደግሞ ሴቷን ይከተላል። ካሜራውም አብሮ መዛወር አለበት።

ጁላይና ኦገስት ላይ የአኩሪ አተር እርሻ ወይም የመስክ ዳር እሰሩ። በዚህ ጊዜ ወንዶቹ በቡድን ይሄዳሉ፤ ቀንዳቸውም ገና በለስላሳ ቆዳ እንደተሸፈነ ነው። ምሽት ላይ ሳይፈሩ ይወጣሉ። የትኞቹ ወንዶች በአካባቢው እንዳሉ ለመቁጠር ጥሩ ጊዜ ነው፤ ለዚያ ብቻ።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ያ ሁሉ ይፈርሳል። ወንዶቹ የቀንዳቸውን ቆዳ ልጠው ይጥላሉ፣ ቡድኑ ይበተናል። ነጭ ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬ መውደቅ ሲጀምር አጋዘኑ እርሻውን ትቶ ጫካ ይገባል። ስልክ የሚደወልልኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ «አጋዘኖቼ ጠፉ» እየተባለ። አልጠፉም። ፍሬ የሚጥል ነጭ ኦክ ፈልጉ፤ ሥሩ የተቆፋፈረ ቅጠልና ትኩስ በጠጥ ካለ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ እሰሩ።

ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ወንዱ መሬት እየጫረ፣ ከላዩ ያለውን ቅርንጫፍ እያሸተተና እየላሰ ምልክት ይተዋል። አዳኞች ስክሬፕ የሚሉት ይህን ነው። ካሜራ ለማሰር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ወንዱ ቆም ስለሚል ፎቶው ይጠራል። ግን ወደ ስክሬፕ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ለብሶ ነው። ስለዚህ ስክሬፑ ማን እንዳለ ይነግራችኋል፤ ቀን የት እንደሚያልፍ ለማወቅ ሁለተኛውን ካሜራ መተላለፊያ ላይ አድርጉ።

መተላለፊያ ስል መሬቱ ራሱ እንስሳውን የሚያጠብበትን ቦታ ማለቴ ነው። የተሰበረ አጥር፣ የጅረት መሻገሪያ፣ በሁለት እርሻ መሃል የቀረች ቀጭን ጫካ፣ በሁለት ጉብታ መሃል ያለች ዝቅታ። ካርታ ላይ ከሳተላይት ብታዩት ግማሹን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የሚተኛበት ቁጥቋጦ ውስጥ ግን አትግቡ። አንዴ እዚያ ጠረናችሁን ካገኘ ወይ ቦታውን ይቀይራል፣ ወይ የሌሊት እንስሳ ይሆናል። ሌላም መመዘኛ አለ፦ ካሜራው ጋ ለመድረስ እንስሳው የሚተኛበትን ወይም የሚበላበትን ቦታ ማቋረጥ ካለባችሁ፣ ቦታው ምንም ቢያምር ተዉት።

ማስጠንቀቂያ

በጦር መሣሪያ የአደን ወቅት ካሜራ ለማየት ብቻ ብትገቡም ብርቱካናማውን ልበሱ። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሰው መሆኑን የሚያስታውቀው እሱ ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ መዥገር የላይም በሽታ ያስተላልፋል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ፐርሜትሪን የተባለውን መድኃኒት ቀድማችሁ ልብስ ላይ ርጩና አድርቁት (ቆዳ ላይ አይደረግም)፣ ቤት ስትገቡ ገላችሁን ፈትሹ። ግንድ ስታቅፉ ደግሞ ጸጉራም ሐረግ የተጠመጠመበት ከሆነ ራቁት፤ ፖይዝን አይቪ ነው፣ ቅጠሉ ረግፎም ቆዳ ያሳክካል።

ካሜራው ወደ ጎረቤት ቤት ወይም ግቢ እንዳያይ። የሰው ፎቶ ቢያነሳም ቴሌግራም ላይ አትለጥፉት።

5. እሰሩት

ቢያንስ የጭን ያህል ውፍረት ያለው ግንድ ምረጡ። ቀጭን ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ካሜራው አብሮ ሲወዛወዝ የፀሐይ ሙቀት ያለበት ቅጠል ሁሉ እንስሳ ይመስለዋል።

ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሩ። በዚህ የዓለም ክፍል ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ወደ ሰሜን ያየ ካሜራ ነጸብራቅ አይመታውም። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዞራችሁት የምታጡት ጠዋትና ማታን ነው፤ አጋዘን የሚንቀሳቀስባቸውን ሰዓቶች።

ከመንገዱ ከ5 እስከ 8 ሜትር ራቁ። ከፍታው የወገብ ያህል፣ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። ካሜራው መንገዱን ቀጥ ብሎ እንዳያቋርጥ፣ ፊቱን ወደ 45 ዲግሪ ግድም አዙሩት። ቀጥ ካለ እንስሳው በቅጽበት ከፊቱ ያልፋል። መንገዱን ርዝመቱን ብቻ ካየ ደግሞ ሴንሰሩ ወደ እሱ ቀጥ ብሎ የሚመጣን ነገር ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ግድም ሲሆን ሁለቱም ይቃለላል።

ሰው የሚያልፍበት ከሆነ ወይም አጋዘኑ ካሜራውን እያየ የሚሸሽ ከሆነ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ከኋላው እንጨት ሰክታችሁ ወደ ታች አጎንብሱት። ለመሰላል አትስነፉ፤ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ማሰር ለአጥንት ሐኪም ሥራ መፍጠር ነው። የሰው ዛፍ ላይ ምስማር አትምቱ።

ከፊቱ ያለውን ሣርና ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ግን ልክ አታሳጡት። ሣር ኦገስት ላይ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ካሜራውን ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ አንሱት።

6. ሳትሄዱ ሞክሩት

የመሞከሪያውን ሁኔታ አብሩና መንገዱ ላይ ጎንበስ ብላችሁ፣ በአጋዘን ቁመት፣ ተመላለሱ። ሴንሰሩ ሲያያችሁ መብራት ብልጭ ይላል። ቆማችሁ ብቻ ብትሞክሩት ከእንስሳው በላይ ያለውን አየር እያነጣጠረ ላይታወቃችሁ ይችላል። ከዚያ ወደ ሥራ ሁኔታ መልሱት፣ ዝጉት፣ ቆልፉት።

7. ተዉት

ከባዱ ነገር ይህ ነው። ሲም የሌለውን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አትንኩት። በየሦስት ቀኑ የሚመላለስ ሰው ፎቶ እየሰበሰበ ሳይሆን አጋዘኑን እያባረረ ነው። አጋዘን ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ነው የሚያምነው፤ የረገጣችሁት ቦታ ላይ ከሄዳችሁ በኋላም ጠረናችሁ ይቆያል።

ስትሄዱ ቀትር አካባቢ ሂዱ፤ ብዙውን ጊዜ ተኝቶ የሚያመሰኳበት ሰዓት ነው። ነፋሱ ከሚተኛበት ወደ እናንተ የሚነፍስበትን ቀን ምረጡ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ጠረናችሁን ያጥበዋል። የላስቲክ ቦትና ጓንት አድርጉ። ካርዱን ቀይራችሁ ወዲያው ውጡ። እዚያው ቆማችሁ ፎቶ ማየት ይፈትናል፤ ቤት ይደርሳል።

8. ፎቶውን አንብቡ

ወንዶቹን በቀንዳቸው ለዩ፤ የቅርንጫፉ ብዛት፣ የተሰበረ ጫፍ፣ የቀንዱ ስፋት። ለእያንዳንዱ ቀን፣ ሰዓት፣ የሄደበት አቅጣጫና የዚያን ቀን ነፋስ ጻፉ። ነፋሱን ካሜራው አይነግራችሁም፤ ከአየር ሁኔታ ድረ ገጽ ታገኙታላችሁ። አንድ ወንድ በአንድ ዓይነት ነፋስ ደጋግሞ ካለፈ፣ እናንተም በዚያ ነፋስ ቀን ነው መቀመጥ ያለባችሁ።

የሌሊት ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እርሻው ዳር ማታ 9 ፒኤም ላይ የሚደርስ ወንድ የሚተኛበት ቦታ ሩቅ ነው ማለት ነው። ካሜራውን በመጣበት አቅጣጫ መቶ ሜትር ያህል ወደኋላ መልሱት። ሰዓቱ ወደ ብርሃን ከተጠጋ ትክክል ናችሁ፤ ትንሽ ጨምሩ። ካልተጠጋ ሌላ መንገድ አለው። አንድ ነጠላ ፎቶ ይዛችሁ ግን ለአደን የምትቀመጡበትን ማማ አትስቀሉ፤ ኖቬምበር ላይ ከሩቅ የመጣ ወንድ አንድ ጊዜ አልፎ ዳግመኛ ላይታይ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ባዶ ፎቶ በመቶዎች። የሚወዛወዝ ሣር ወይም ቅርንጫፍ ነው። ቁረጡ፣ የሴንሰሩን ንቃት ቀንሱ።

ምንም ፎቶ የለም። በመሞከሪያው ሁኔታ ላይ ትታችሁት ሄዳችኋል፣ ወይም ካርዱ ጎን ላይ ያለችው መቆለፊያ ተዘግታለች።

የሌሊት ፎቶ ነጭ ብቻ። ከፊቱ በቅርብ ያለ ቅጠል ፍላሹን እየመለሰ ነው።

ደብዛዛ ፎቶ። ሌንሱ ላይ ጭጋግ፣ የሸረሪት ድር ወይም ጭቃ አለ። ለስላሳ ጨርቅ ያዙ፤ በትንፋሽ አትጥረጉት። ሽፋኑ በደንብ ካልተገጠመ ጉንዳንም ገብቶ ይሰፍራል።

የተነከሰ ካሜራ። ድብ ነው። የአዲስ ፕላስቲክ ጠረን ይስበዋል፤ የብረት መከላከያ ሳጥን ይሸጣል።

የጠፋ ካሜራ። የብረቱ ገመድ ቸኩሎ የሚያልፈውን ሌባ ያቆማል፤ መቁረጫ ይዞ የመጣውን አያቆምም። ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። የይለፍ ቃል ሙሉበት፣ ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉ።

በቀጣዩ ዓመት የማይነሳ ካሜራ። ወቅቱ ሲያልቅ ባትሪው ሳይወጣ መጋዘን ገብቶ፣ ፈስሶ መገናኛውን በልቶታል። ባትሪውን አውጡ፣ ሽፋኑን ከፍታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ አስቀምጡት።